አፉን ታጥቦ ሐኪም ቤት የሄደው ውሻ

«አባዬ... በቃ፣ ሻለቃ አርጅቷል። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዤለታለሁ።»

ልጅቷ ይህን ስትል የአባቷን ዓይን ማየት ፈርታ ነበር።

ሻለቃ የአሥራ ሦስት ዓመት ውሻ ነው። ስሙን ያወጡለት እናቷ ናቸው... ገና ቡችላ ሳለ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ እየጮኸ ቤቱን ሁሉ ለሰልፍ ስለሚያስነሳ!

እናቷ ካረፉ ወራት አለፉ። በቅርቡ ደግሞ ሻለቃ ምግብ ዘጋ። ሳህኑን ያሸታል... ፊቱን ያዞራል።

«አንድ ነገር አሞት ነው እንጂ እሱ በምግብ የሚቀልድ ፍጡር አይደለም!» ይላሉ አባትየው።

የእንስሳት ሐኪሟ ድዱን ጠርጥራ ነበር። ግን አፉን ልትከፍተው ስትል ሊነክሳት ይቃጣዋል። አደንዝዞ ማየት ደግሞ ለእንደሱ ዓይነት ሽማግሌ ያሰጋል።

ስለዚህ ቀላሉን መረጠች... ጥጥ በተጠመጠመበት እንጨት ከከንፈሩ ጠርዝ ምራቅ ወስዳ መመርመሪያ ወረቀት ላይ አደረገች። ድዱ ከታመመ ወረቀቱ ቀለሙን ይቀይራል።

አልቀየረም።

«ድዱስ ደህና ይመስላል... ዕድሜ ይሆናል» አለች።

ከዚያማ ሻለቃ ከስቶ ጎድኑ ተቆጠረ። ልጅቷ አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ስቃዩ እንዲያጥር የመጨረሻውን መርፌ ይወጋ ብላ ወሰነች።

ሐሙስ ደረሰ።

አባትየው ውሻቸውን አበጥረው፣ አሳምረው ከልጅቷ ጋር ይዘውት መጡ። ሐኪሟ መርፌውን አዘጋጅታ ጎንበስ አለች... ከዚያ ቀና አለች።

«አባባ፣ ይሄ የናና ሽታ ከየት ነው?»

«ከሻለቃ አፍ ነዋ! በጨው ውሃና በናና አጥቤው ነው የመጣሁት።»

«እርስዎን አይነክስም?»

«እኔንማ ምን ሊል! በጨርቅ፣ ቀስ አድርጌ ነው።»

«ባለፈው ለምርመራ ሲመጡስ?»

«እንዴታ! አፉ እየሸተተ ሐኪም ፊት ይቀርባል እንዴ? ባለቤቴ ብትሰማ ከመቃብር ተነስታ ነው የምትቆጣኝ!»

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች።

«አባባ... እኔ በወረቀቱ የፈለግኩት እኮ እርስዎ አጥበው ያስወገዱትን ነው!»

ልጅቷ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት።

ልጅነቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለ... እናቷ ልጆቹን ቧንቧው ሥር አሰልፈው፣ ጆሮ እየጎተቱ፣ «ተጉመጥመጡ! ሐኪሙ ይታዘበናል!» ሲሉ። አንድ ጊዜ እጇ ተሰብሮ እያለቀሰች እንኳ መጀመሪያ ፊቷን ነበር ያጠቧት። ያ የእናቷ እጅ እንዴት ናፈቃት!

በማግስቱ ጠዋት ሻለቃ ሳይበላ፣ ሳይታጠብ መጣ። አባትየው በሀፍረት አንገታቸውን ደፍተዋል።

ወረቀቱ ቀለሙን ቀየረ።

አሁን ማደንዘዣው ቢያሰጋም ምክንያት አለው። ሁለት የበሰበሱ የመንጋጋ ጥርሶች ወጡ። በሳምንቱ ሻለቃ ሳህኑን ልሶ ጨረሰ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር...

ልጅቷን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት። ሁልጊዜ እሑድ፣ ደውላ ነው አባቷ ጋ የምትሄደው። ሁልጊዜ ቤቱ ተጠርጓል፣ ሸሚዛቸው ተተኩሷል። «እንዴት ነህ አባዬ?» ትላለች። «ደህና ነኝ የኔ እናት!» ይላሉ። እሷም አምና ትመለሳለች።

ማክሰኞ ቀን ሳትደውል ሄደች።

መጋረጃው አልተከፈተም። የሦስት ቀን ዕቃ ሳይታጠብ ተከምሯል። አባቷ በእኩለ ቀን በሌሊት ልብስ፣ ጺማቸው አድጎ፣ የእናቷን ሹራብ ታቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ደንግጠው ተነሱ። «ሳትደውይ! ምነው ልጄ... ቤቱ እንዲህ ሆኖ...» እያሉ ማበጠሪያ መፈለግ ጀመሩ።

እጃቸውን ያዘች።

«ተወው አባዬ። እንዲህ ሆነህ ላይህ ነው የመጣሁት።»

ተመልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ... ከዚያ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሐዘናቸው አፋቸውን ከፍተው፣

«እናትሽ ናፈቀችኝ» አሉ።

ወዳጆቼ... ሰው ለሚወደው ሰው ሕመሙን አጥቦ፣ ተኩሶ ነው የሚያቀርብለት። እኛም «ደህና ነኝ» የሚለውን ሰምተን በጊዜ ወደ ቤታችን እንገባለን። አንዳንዴ ሳንጠበቅ መሄድም ፍቅር ነው።

እናንተስ... ቤተሰባችሁ ጋ ለመጨረሻ ጊዜ ሳትደውሉ የሄዳችሁት መቼ ነው? በሩ ሲከፈት ምን አያችሁ? 👇