የሀብታም በሽታ

ሐኪሙ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል» ሲለው ደስ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ዘበኛው» እያለ በየእሁዱ ግብዣ በር ጥግ ያስቀምጠው የነበረው የሚስቱ ወንድም ጋሽ ይገዙ፣ «ለካ አንተንም የኛው በሽታ ይዞሃል» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው። እሱም ጋሽ ይገዙ የሚውጠውን ዓይነት ክኒን አንድ ቀን ሳያጓድል ዋጠ።

ባለፈው ሳምንት «ወርዶልሃል» ሲባል ግን እንቅልፍ አጣ፤ ያቺ ወንበር ልትሄድበት ነው። እሁድ ግብዣው ላይ ሲቁነጠነጥ፣ ጋሽ ይገዙ እጁን ወደ እሱ ኪስ ሰዶ የሐኪሙን ወረቀት መዘዘና መውረዱን አነበበ።

«የኔ ጭራሽ ጨምሯል። አንተ ምን አድርገህ ነው፣ ወንድሜ?»

ወንድሜ ሲለው የመጀመሪያው ነው። ትንሽ አሰበ።

«ክኒኑን ትቼው ነዋ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ይገዙ የራሱን ክኒን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

እሱ ቤቱ ገብቶ የራሱን ዋጠ።