የኪራይ ሞተር

የሮቤው አስተማሪ ኃይለልዑል የተከራየውን ሞተር ሳይክል ጎባ መግቢያ ላይ አቆመ። ጠዋት ሀይሚን ያሳፈራት እዚሁ ነበር፤ ነርስ ናትና፣ ያከመቻቸው ሰዎች ሁሉ ከወንድ ጋር እንዳያዩዋት ብላ ከከተማው ውጭ ነበር የቀጠረችው። ሳነቴ አምባ ላይ ነፋሱ ቃሉን እየነጠቀው «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ግን «ከተማ ስንደርስ እነግርሃለሁ» አለችው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲወርዱም ከኋላዋ ያለውን ብረት እንጂ እሱን አልያዘችም።

«ባለሞተሩ እኮ ‹አጥብቃ ትያዝህ› ብሎኝ ነበር» አላት፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«ብረት ወሬ አያመጣም» አለችው።

ዞሮ ሊያያት አልደፈረም። «እሺ፣ እዚሁ ትወርጃለሽ? ባጃጅ ልጥራልሽ?»

ብርድ ያደነዘዛቸው እጆቿ በጃኬቱ ዙሪያ መጥተው ሆዱ ላይ ተቆላለፉ።

«በገበያው በኩል ንዳ።»

«ሀይሚ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ገበያው ጢም ብሏል፤ አገር ምድሩ ያየናል!»

አገጯን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው፤ «ያላየን ሰው እንዳይኖር።»