ለጎረቤት የተሰጠ ቲኬት

አዳራሹ የሰፈሩን መብራት ከተረከበ ወዲህ ቤቶቹ የሚበሩት ታዳሚው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ወለል ሲረግጥ ነው። ስብሰባ ያለ ቀን ሰፈሩ ይደበዝዛል፤ ጭፈራ ያለ ቀን ይደምቃል። ጭስ የለም፣ ጀነሬተር የለም።

የሺመቤት ግን የመጣላትን ነጻ ቲኬት ገልብጣ አየችው።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለቻት ቲኬቱን ያመጣችውን የአዳራሹን ሠራተኛ።

«ምንም፣ እናቴ። ለጎረቤት ያለብንን ማኅበራዊ ኃላፊነት ለመወጣት ነው። መጥተው ይደሰቱ።»

አላመነቻትም። ያም ሆኖ ሄደች። ባለፈው ሳምንት መብራቱ ደክሞ የባሏ የመተንፈሻ ማሽን ሊቆም ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ከአዳራሹ ይሰማ የነበረው ትዝታ ነው።

ስትገባ ጭፈራው ቀልጧል። ብዙም ሳይቆይ ዘፋኙ ክራሩን አንስቶ ትዝታ ጀመረ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ትዝታ እየተዘፈነ ማን ይጨፍራል? የሺመቤት ባሏን አሰበችና ብድግ ብላ ወለሉን ትረግጥ ጀመር። እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት።

ሰርቃ ወደ ጎን ብታይ፣ ኢንሱሊናቸውን ፍሪጅ ውስጥ ትተው የመጡት ጎረቤቷ ጋሽ ምትኩም ተነስተው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ይዘላሉ። ዞር ስትል ደግሞ፣ በነጻ ቲኬት የገባው የሰፈሯ ሰው በሙሉ ፊቱ እንደ ለቀስተኛ ጠቁሮ ወለሉን ይደበድባል።

ዘፋኙ ክራሩን ሳያቋርጥ ፈገግ አለ።

«እንዲህ ጨዋታ የሚወድ ሰፈር» አለ፣ «በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»