የአማረ እግር

አስማማው ከአንዲት ጠባብ ማሳና ከሰው በተዋሰው በሬ ተነሥቶ፣ ዛሬ በደብረ ኤልያስ ዙሪያ በጤፍ ምርት ከማንም የማያንስ ገበሬ ሆኗል። እዚህ የደረሰው ሁሉን በመቁጠር ነው ይላል። የራሱንም የጎረቤቱንም ነዶ ይቆጥራል። በወንፈል ሊያጭድለት የመጣ ሰው ስንት ጊዜ ቀና ብሎ ወገቡን እንደያዘ ሳይቀር ያውቃል።

የወንፈሉ ሕግ አጭር ነው። ዛሬ የአንተን ያጭዳሉ፣ ነገ የእነሱን ታጭዳለህ። የታመመ ሰው ቢኖር ጤፉን ሌሎቹ ያነሡለታል። ጤነኛ ሆኖ የቀረ ግን ከወንፈሉ ይወጣል፤ ማሳውንም ብቻውን ይጋፈጣል።

ዘንድሮ አማረ ታመምኩ አለ። ግራ እግሬ ደነዘዘ፣ ቢቆነጥጡኝም አይሰማኝ ብሎ ከአጨዳው ቀረ። ጤፉ ደርሶ ሊረግፍ ነው። ሰማዩም ያለወቅቱ ጠቁሯል። ብቻውን ይጨድ ከተባለ ልጆቹ ዓመቱን የሚበሉት ዝናብ ይወስደዋል።

«ሥራ ሲመጣ የሚደነዝዝ እግር አባቱም ነበረው» አለ አስማማው ለሚስቱ ለፈንታዬ።

«እውነት ታሞስ ቢሆን?»

«እግሩን አልሰማ አለው ተብሎ ሰው ታመመ ይባላል? በቀደም ከእግሬ ያን ሁሉ እሾህ ስትነቅይልኝ አንዱን እንኳ ሰምቼዋለሁ? ወንድ ልጅ እንዲህ ነው። በይ ውሃ ስጪኝ።»

ጣሳውን ጨልጦ አስደገመ።

«ሌሊቱን ስትወጣ ስትገባ የምታድረው በዚህ ውሃ ነው» አለች ፈንታዬ።

አስማማው ግን ሐሳቡ አማረ ጋ ነበር።

በዚያ ሳምንት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምሥራቅ እናቶችን ሰብስባ ልጆችን ከእሳት ስለመጠበቅ ታስተምር ነበር። አስማማውም በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አዳመጠ።

«ጣት እሳት ሲነካ ወሬው በነርቭ ወደ አከርካሪ ይሮጣል» አለች ምሥራቅ። «አከርካሪ ደግሞ አንጎልን ሳያማክር ጡንቻውን ያዘዋል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ እጅም ይሰበሰባል። አንጎል ጉዳዩን የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።»

«እግርስ?» አለ አስማማው ከኋላ።

«እግርም ያው ነው፣ አያ አስማማው።»

«ሰውየው አላነሣም ብሎ ቢቆርጥስ?»

«ድንገት ከነካው እግሩ እሱን አይጠይቀውም። ነርቩ ደህና ከሆነ ይነሣል።»

«ካልተነሣ?»

«እሱማ በእርግጥ ታሟል ማለት ነው፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይምጣ። ለምን ጠየቁኝ? የታመመ ሰው አለ?»

አስማማው የፈለገውን ስላገኘ መንገዱን ቀጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የወንፈሉ ሰዎች ነገሩን ለመቁረጥ አማረ ቤት ተሰበሰቡ። የወንፈሉ አለቃ ሽማግሌው ገብረ ኪዳን ነበሩ። አስማማው እርጥቡን ማሳ አቋርጦ ዘግይቶ ደረሰ። የአማረ ሚስት ወለተ ሥላሴ በሩ ላይ ተቀበለችው።

«አያ አስማማው፣ አንዱ ጫማዎ የት ቀረ?»

አስማማው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀኝ እግሩ ባዶ ነው።

«ጭቃው አስቀርቶት ይሆናል። ሰው ለእውነት ሲቸኩል ጫማ አይቆጥርም።»

«እርስዎም የማይቆጥሩት ነገር ተገኘ?» አለች ወለተ ሥላሴ፣ ሰዎቹም ሳቁ።

አማረ ጋቢውን ተከናንቦ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ግራ እግሩንም ወደ እሳቱ ዘርግቷል። አስማማው ከፊት ለፊቱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የአማረን ተረከዝ አየው፤ ከብቶች ጋ ያልሄደ ሰው ተረከዝ ላይ ያልደረቀ እበት ምን ይሠራል?

«አማረ እምላለሁ ብሏል» አሉ ገብረ ኪዳን። «ለእኔ ይበቃኛል።»

«መሐላ የምላስ ሥራ ነው» አለ አስማማው። «እኔ እግሩን ነው የምጠይቀው።»

«በል ጠይቀዋ» አሉ ገብረ ኪዳን። «አፍ ካወጣ ለእኛም ንገረን።»

ሳቁ ሳይበርድ አስማማው በከዘራው ጫፍ እሳቱን የሚቆሰቁስ መስሎ አንድ ትልቅ ፍም ወደ አማረ እግር ገፋ። ፍሙ ጉልቻውን መታና ነጥሮ ከዓይኑ ተሰወረ።

አስማማው ዓይኑን ከአማረ እግር ላይ አልነቀለም። እግሩ አልተነቃነቀም።

ወሬው ወደ ዝናቡ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ የተለበለበ ቆዳ ሽታ ቤቱን ሞላው። የአማረ እግር አሁንም ከነበረበት ነው። ጥርሱን ነክሶ ነው አለ አስማማው በልቡ። ለአንድ ማሳ አጨዳ ብሎ ሥጋውን የሚያስጠብስ ውሸታም በዕድሜው አላየም። ምሥራቅ ይህን አላወቀችም፤ የዚህን ሰው ስንፍና እሳትም አይፈታው።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ወለተ ሥላሴ ከጓዳ።

አማረ ጎንበስ ብሎ ወደ መሬት አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጋቢውን ወርውሮ ብድግ አለ፤ በሁለት እግሩ ሮጦ በር ሥር የተቀመጠውን የውሃ ባልዲ አነሣ።

«አያችሁት?» አለ አስማማው ከዘራውን ወደ ላይ አንሥቶ። «ሮጠ እኮ። ነርቩ እንደ እኔው ደህና ነው። በሉ ከወንፈሉ አስወጡት።»

አማረ ከፊቱ በርከክ ብሎ ውሃውን በሚጤሰው የአስማማው ባዶ እግር ላይ አፈሰሰው።