የላኽዳር ቤት

ስደርስ ዘሊኻ ድጋፉን በመጋዝ እየገዘገዘች ነበር። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ከሰገነቱ ሥር ተንበርክካለች። ባለፈው መከር እኔ ራሴ ያቆምኩት ወፍራም የጥድ ግንድ ነው። ሰገነቱን ተሸክሞ የያዘው እሱ ብቻ ነው።

"ዘሊኻ" አልኳት ቀስ ብዬ፤ ባስደነግጣት መጋዙ ሊያመልጣት ይችላል።

ዞር አላለችም። "ቶሎ መጡሳ አጎቴ አላዋ። አራት ሰዓት ነው የተባለው።"

አራት ሰዓት ላይ የሚመጡት የማዘጋጃ ቤቱ መርማሪዎች ናቸው። እኔ ማልጄ የመጣሁት ግቢውን ጠርጌ፣ ዓምዶቹን አጽድቼ ልጠብቃቸው ነበር። የሱዊቃ ወዳጆች ማኅበር ድሮ አርባ ሰው ነበርን፤ አሁን አራት ሽማግሌዎች ቀርተናል። በሱዊቃ፣ በዚህ በቁስንጢና ከተማ አሮጌ ሰፈር፣ ቤት በተናደ ቁጥር ፎቶ እያነሳን፣ ማመልከቻ እያስገባን፣ ያዘመመውን በገዛ እጃችን እየደገፍን ኖርን። ስድስት ዓመት ለምነን ቤቶቹ በየተራ ይታያሉ ተባለ፤ የመጀመሪያው ይሄ ነው። መርማሪዎቹ ይጠገናል ብለው ከፈረሙ ሥራው ይጀመራል። አይጠገንም ካሉ ቤቱ ይፈርሳል፤ ዘሊኻና ልጇ ደግሞ አዲሱ ከተማ አፓርታማ ይሰጣቸዋል።

የዘሊኻ ባል ላኽዳር የማኅበራችን ጸሐፊ ነበር። ያንን ሁሉ ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። ከሞተ ሁለት ክረምት ሆነው።

ብዙ ለመንኳት። ስድስት ወር ብቻ ታገሺ አልኳት። በከተማው እንዲህ ያለ ሰገነት የቀረው እዚህ ብቻ እንደሆነ፣ ይሄ ከሄደ ለሌሎቹ የሚሰማን እንደማይኖር ነገርኳት። ላኽዳር ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር አልኳት። እሱን ባልል ይሻለኝ ነበር።

መጋዙን እንጨቱ ውስጥ ትታ ዞረች።

"ደብዳቤዎቹን ፖስታ ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ" አለች። "አንድ ሳይቀር። ሳሉ ጠንቶበት እንኳ ተኝቶ ይጽፍ ነበር። ሐኪሙ ከዚህ እርጥበት አውጡት ሲለን፣ ቤቱ ሊጠገን ነው አለው። እርስዎም አጠገቡ ቆመው፣ አዎ ሊጠገን ነው አሉ።"

ብያለሁ።

"አሁን ራቲባ እንደሱ ማሳል ጀምራለች።"

ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤት እንደላከቻት፣ ሁሉም ነገር ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ማለቅ እንዳለበት ነገረችኝ። ከዚያ ወደ መጋዙ ተመለሰች። የምትቆርጥበትን ቦታ አየሁት። ትንሽ ብትገፋበት ሰገነቱ ከነድንጋዩ የሚወርደው አናቷ ላይ ነው።

"እዚያ ጋ አትቁረጪ፣ ይገድልሻል።"

"የት ጋ ልቁረጥ ታዲያ?"

አርባ ዓመት አናጢ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። መጋዙን ከእጇ ተቀበልኩ። ወደ በሩ እንድትርቅ አደረግኋት። ሰገነቱ ሲወርድ ጨርሶ እንዳይናድ ጥግ ላይ የወደቀ አጭር ግንድ አምጥቼ በጎን ሰካሁ። ከዚያ የራሴን ድጋፍ በግድግዳው በኩል፣ ከመርማሪ ዐይን በሚሰወር ቦታ፣ ቆረጥኩት።

ሰገነቱ አቃሰተና አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ቆመ። ስንጥቁ በግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያው ሮጠ፤ ልስኑ ትከሻዬ ላይ ረገፈ። ሰጋቱራውን ጠረግሁ። የተቆረጠበትን ቦታ ጭቃ ቀባሁት።

መርማሪዎቹ ሦስት ነበሩ። አለቃቸው ወጣት ሴት መሐንዲስ ናት። ስንጥቁን በባትሪ ብርሃን ተከተለችው፤ ከዚያ ድጋፉ ጋ ቁጢጥ ብላ ጭቃውን በጣቷ ፈተገችው። እዚያ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የማኅበሩ ሰው መሆኔን፣ ድጋፉንም ያቆምኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት።

"ታዲያ ምን ነካው?"

ዘሊኻ በሩ ጋ መሬት መሬቱን እያየች ቆማለች።

"እርጥበት በልቶት ነው" አልኩ። "ይሄ ቤት አይጠገንም።"

መሐንዲሷ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። እንደገባት ገባኝ። ከዚያ አቀርቅራ ጻፈች። ቅጹ ላይ ለማኅበሩ ተወካይ የተተወ ቦታ ነበር፤ ፈረምኩበት።

ሲሄዱ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ዘሊኻ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና፣ ላኽዳር በሞተ ዕለት እንዳደረገችው መወዛወዝ ጀመረች። ትቻት ወጣሁ።

በሱዊቃ ግድግዳ ቀጭን ነው፤ የማይሰማ ነገር የለም። ጎረቤቷ ሁሪያ መንገዱ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። የእሷን ቤትም የደገፍነው፣ ከዚህ ቀጥሎ ይጠገንላት ብለን ያመለከትነውም እኛ ነን። እጄን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"የእኛን ሐሙስ ነው የሚያዩት አጎቴ። እርስዎም መጋዝ ይዘው ቀድመው ይመጡልናል አይደል?"

ከኋላዋ፣ እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ፣ በየበሩ ሰው ቆሞ መልሴን ይጠብቃል።