ሁለት ቀለም በአንድ ግድግዳ

ኦጆት ሳያስፈቅደኝ ብሩሹን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ያሳርፋል። መዳፍ የሚያህል ክሬም ቀለም። ከሌላው ጣሳ ደግሞ፣ ከጎኑ፣ መዳፍ የሚያህል ውሃ ሰማያዊ።

«ምረጥ፣ ጓድ መምህር» ይላል ኦጆት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። «ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቤትህ ይመር ብለን ነው።»

«በዓሉ የሚከበረው ውጭ ነው። ግድግዳዬ ሰልፍ አይወጣም።»

«ሰው የሚታወቀው በውስጡ ነው» ብሎ ይስቃል።

ሳቁ ያንገበግበኛል። ቀለም ከጋምቤላ ሱቆች ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ ግን ሁለት ጣሳ አንጠልጥሎ ቤቴ ይገባል። ሰማያዊውን አውቀዋለሁ። አምና ቀበሌው ያሸገው ጸሎት ቤታችን ውስጡ በዚሁ ቀለም የተቀባ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የምንጸልየው እዚህ ሳሎን ውስጥ ነው፤ መስኮቱን ዘግተን፣ ድምፃችንን አፍነን። ሰማያዊውን ብመርጥ «ቤቱን ጸሎት ቤት አደረገው» ይላል። ክሬሙን ብመርጥም «ከሰማያዊው ምን አሸሸህ?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ምርጫ አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

«ተናገር እንጂ። ስብሰባ ላይ አፍህ አያርፍም።»

«ስብሰባ ላይ የምናገረው ስትዋሹ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ግድግዳዬን እያበላሸህ ነው።»

ባለቤቴ አቻን ከጓሮ ትገባለች። ማድቤቱን ስትለስን ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ጣሳዎቹን ታያለች፤ ግድግዳውን ታያለች፤ እኔን ታያለች። በእኛ በአኙዋዎች ዘንድ ወንድ ምሰሶ ያቆማል፤ ግድግዳው የሴት ነው።

«ኦጆት፣ እናትህ ቤት ግድግዳ የሚነካው አባትህ ነበር?»

«አብዮቱ እኮ ሴትን ከጭቃ ሊያወጣት ነው፣ አቻን።»

«እስኪያወጣኝ ግድግዳው የኔ ነው። ዞር በል።»

እርጥብ መዳፏን ሰማያዊው ላይ ታሳርፋለች፤ ጭቃውን ወዲያና ወዲህ ትስበዋለች። ቀጥላ ክሬሙን ትሸፍናለች። ግድግዳው መልሶ አንድ መልክ ይሆናል። እኔ ስፈልገው የቆየሁትን መልስ እሷ በእጇ ሰጠችው።

ኦጆት አይቆጣም። ብሩሹን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጣሳዎቹን ይከድናል። ከዚያ አቻን የቆመችበትን ቦታ፣ ቀጥሎም ግድግዳውን ያያል።

«ለእጇ የሚቀርበው ክሬሙ ነበር፤ እሷ ግን ሰማያዊውን ለመሸፈን ቸኮለች» ይለኛል ቀስ ብሎ።

ከአቻን ክርን ጭቃ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል።