ጋሽ ቆይ ያጠፉት ኮምፒውተር

"ጋሼ፣ በፈጠረዎት ዛሬ እንኳን 'ቆይ' እንዳይሉኝ!"

"ቆይ እስቲ ልጄ… ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር…"

"አለቃው በሩብ ሰዓት ውስጥ እዚህ ነው! ፕሮግራሙ ደግሞ አልነሳም ብሏል!"

"ምን ይላል? እስከ መጨረሻው አንብቢው።"

"ስህተት ነው የሚለው! ሌላ ምን ሊል ነው?"

ዕቃቸውን የያዘውን ካርቶን አነሱና ወጡ።

ጋሽ ቆይ ነበር የምንላቸው። እኛ አሥር ጊዜ እየነካካን ስንሞክር፣ እሳቸው "ቆይ" ብለው አንዴ ያነባሉ።

የሆስፒታል ወረፋ የሚያስይዝ ፕሮግራም እየሠራን ነበር። ሦስት ክፍሎች አሉት… መዝጋቢው፣ ወረፋ ሰጪው፣ አስታዋሹ። አንዱ ካልተነሳ ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም።

ያን ቀን አለቃው ፊት ካልሠራ ቡድናችን ሊበተን ነው።

ለጋሽ ቆይ ደግሞ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር። "ያዘገዩናል" ብለን ለአለቃው ካመለከትነው አንዷ እኔ ነኝ…

"ረግመውን ነው የሄዱት" አለ የክፍላችን ቀልደኛ።

ማንም አልሳቀም።

ሲጨንቀኝ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

"ወረፋ ሰጪው በዚህ አድራሻ አልተገኘም" ይላል… ከሥሩ ቁጥር አለ።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። በጋሽ ቆይ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ነው!

ትዝ አለኝ… ከአራት ዓመት በፊት፣ ወረፋ ሰጪው በማናችንም ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፣ "ለጊዜው በእኔው ተጠቀሙ" ብለውን ነበር።

ያ "ለጊዜው" አራት ዓመት ሞላው።

በየጠዋቱ ከሁላችን ቀድመው ገብተው ያስነሱት ነበር ለካ። እኛ ደግሞ "ሚስታቸው በሌሊት ታባርራቸዋለች" እያልን እንስቃለን…

ስንገባ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ እያጉረመረመ ይጠብቀን ነበር። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ኮምፒውተሩን ዞር ብዬ አየሁት። ጠፍቷል። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል።

የሻይ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ከሥሩ ወረቀት አለ… ጠዋት ኪቦርዴ ላይ አግኝቼ፣ ሳላነበው ብርጭቆ ያስቀመጥኩበት።

"ቆይ። መጀመሪያ አንብቢው። ወረፋ ሰጪው ባንቺ ኮምፒውተር ላይ እንዲነሳ…"

ሰባት መስመር በእጅ ጽሑፍ። መሐሉ ላይ የሻይ ክብ።

ሰባቱንም ተከተልኩ።

አለቃው ሳይደርስ ሦስቱም ክፍሎች ተነሱ።

ወዳጆቼ… ነገሩ ሲሠራ የሠራን እኛ ይመስለናል። ቀድሞን ገብቶ የሚያስነሳውን ሰው የምናውቀው እሱ የሌለ ቀን ነው። ሰው ሳይሄድ እናንብበው።

እናንተስ… ሳታመሰግኑት የሄደ ጋሽ ቆይ አላችሁ? ዛሬ ብታገኙት መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? እስቲ ከታች ጻፉት…

እኔ ያን ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ወደ ሊፍቱ ሮጥኩ። ሌሎቹን ሠራተኞች ሲሰናበቱ ቆይተው ኖሮ፣ ካርቶናቸውን አቅፈው ገና ውስጥ ቆመዋል። አዩኝ።

"ጋሼ! አንዴ ይቆዩ…"

በሩ ተዘጋ።